ዱካ በመከተል ያለፈ ዕድሜ፦ ጆርጅ አዳምሰን እና የኬንያ አንበሶች

በምሥራቅ አፍሪካ የዱር አራዊት ጥበቃ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከአንበሳ ተለይቶ የማይነሳ ሰው ቢፈለግ ቀድሞ የሚጠራው ጆርጅ አዳምሰን ነው። ኬንያውያን በስዋሂሊ «ባባ ያ ሲምባ»፣ የአንበሶች አባት፣ ይሏቸው ነበር። ይህን ስም ያተረፉት ግን ዘግይተው ነው። የጎልማሳነት ዘመናቸውን ትልቁን ክፍል ያሳለፉት የአንበሳን ዱካ እየተከተሉ፣ ሰው የበላውን ወይም ከብት የፈጀውን አንበሳ በመግደል ነበር። በኋላ ደግሞ ያንኑ የዱካ ዕውቀት ሰው እጅ ያደጉ አንበሶችን ወደ ዱር ለመመለስ አዋሉት። የሕይወት ታሪካቸውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተዘረጋ ነው።

ሳፋሪ የሚለው ቃል ዛሬ በመላው ዓለም የቱሪዝም ቃል ሆኗል። ምንጩ ጉዞ የሚል ትርጉም ያለው የዓረብኛው «ሰፈር» ሲሆን፣ ስዋሂሊ ከዓረብኛ ተውሶት ከምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ ወደ ውስጥ ለሚደረግ ረጅም የእግርና የጭነት ጉዞ መጠሪያ አደረገው። አዳምሰን የኖሩት ሳፋሪም የቱሪስት መኪና ሳይሆን ይህ ጥንታዊው ጉዞ ነበር፤ በግመልና በአህያ ተጭኖ፣ ከውኃ ጉድጓድ ወደ ውኃ ጉድጓድ እየተሻገሩ፣ መሬት መሬት እያዩ የሚሄዱበት።

ከህንድ ወደ ኬንያ

ጆርጅ አዳምሰን እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 1906 በብሪታንያ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ህንድ፣ ኢታዋህ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በእንግሊዝ አገር፣ በቼልተንሃም ከተማ ተከታተሉ። በ1924፣ ገና በአሥራ ስምንት ዓመታቸው፣ አባታቸው የቡና እርሻ ወደጀመሩባት ኬንያ መጡ። የእርሻ ሥራ ግን አልያዛቸውም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ያልሞከሩት ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ወርቅ ፈለጉ፣ ፍየል ነገዱ፣ ሰም ገዝተው ሸጡ፣ ለአደን የሚመጡ እንግዶችንም መርተዋል። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱም ሀብት አላመጣላቸውም። የሰጧቸው ነገር ቢኖር በደረቁ የሰሜን ኬንያ ምድር በጥቂት ውኃና በጥቂት ስንቅ መኖርን ነበር።

በ1938 በኬንያ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። መቀመጫቸው በኢሲዮሎ ሆነ፤ ኃላፊነታቸውም ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ድንበር ጋር በሚዋሰነው በሰሜናዊው የጠረፍ አውራጃ ላይ ነበር። ይህ አውራጃ ቦረና፣ ሳምቡሩ፣ ቱርካና፣ ሬንዲሌና ሶማሌ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን ይዘው የሚዘዋወሩበት ሰፊ ቆላ ነው። ከድንበሩ በወዲያም በወዲህም የሚኖሩት ቦረናዎች ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን እንግዳ አይደሉም።

የዱር አራዊት ጠባቂ ሥራ በዚያ ዘመን ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል በዝሆን ጥርስና በአውራሪስ ቀንድ የሚነግዱ ሕገ ወጥ አዳኞችን ማሳደድ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ እርሻ የሚያጠፋ ዝሆን፣ በረት የሚሰብር አንበሳ ወይም ሰው የለመደ አውሬ ሲነሳ ሕዝቡ የሚጮኸው ወደ ጠባቂው ነውና፣ ጠመንጃውን አንሥቶ መውጣት ነበረበት። አዳምሰን ሁለቱንም ሠርተዋል።

የዱካ ትምህርት

አንበሳን መከተል ከአካባቢው ሰዎች የተማሩት ሙያ ነው። አብረዋቸው የሚሄዱት ዱካ አንባቢዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ የጠፋ ከብት ሲፈልጉ ያደጉ አርብቶ አደሮች ነበሩ፤ መሬቱ ለእነርሱ እንደተጻፈ ወረቀት ነበር።

የአንበሳ የመዳፍ አሻራ አራት ጣቶችን ያሳያል፤ ጥፍር ግን አይታይበትም፣ አንበሳ ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባልና። የውሻና የጅብ አሻራ የሚለየው በዚህ ነው፤ እነዚያ ጥፍራቸው መሬት ይወጋል። የወንዱ አሻራ ከእንስቷ ይልቃል፤ የሚያነክስ አንበሳ ደግሞ አንዱን እግር ከሌሎቹ ቀለል አድርጎ ያሳርፋል። ይህ የመጨረሻው ምልክት ለጠባቂ ትልቅ ትርጉም አለው። የቆሰለ፣ ያረጀ ወይም ጥርሱ የታመመ አንበሳ የሜዳ አህያን አሳዶ መጣል ስለሚከብደው ወደ ከብትና ወደ ሰው ሊዞር ይችላል።

ከአሻራው መልክ ሌላ ዕድሜው ይነበባል። በአሻራው ላይ የሌሊት ነፍሳት ከሄዱበት አንበሳው ያለፈው ቀድሞ ነው፤ ጤዛ የረገፈበት ሣር ካለ ግን ያለፈው ከንጋት ወዲህ ነው። ነፋስ ጠርዙን ያልበላው፣ ሹል ሆኖ የቆመ አሸዋ ቅርብነትን ይናገራል። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ አሻራ ሲጠፋ ዐይን ወደ ላይ ይነሳል፤ ጥንብ አንሳዎች መሬት ላይ ሳይወርዱ ዛፍ ላይ ተሰብስበው ከተቀመጡ፣ የታረደው እንስሳ ባለቤት ገና ከሥሩ አለ ማለት ነው። የዝንጀሮ ጩኸት፣ የጅግራ መንጫጫት፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተፍጥጠው የቆሙ የሜዳ አህዮች፣ እነዚህ ሁሉ መልእክት ያመጣሉ። ሌሊት ደግሞ ግሣቱ አለ፤ ጸጥ ባለ አየር የአንበሳ ግሣት እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሰማ ይችላል።

ዱካ ተከታይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠናው ግን ነፋስን ነው። ነፋሱ ከጀርባው ከሆነ አንበሳው አስቀድሞ ያውቀዋል። ቁጥቋጦው ሲጠብብና ዱካው ሲሞቅ ደግሞ ፈላጊው ተፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በቁጥቋጦው ውስጥ ደቦሎች ያሏት እናት ካለች።

የ1956ቱ ቀን

በ1944 አዳምሰን ጆይን አገቡ። ጆይ በ1910 በቀድሞዋ የኦስትሪያና ሃንጋሪ ግዛት፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ የተወለዱ፣ የኬንያን ዕፅዋትና የኬንያን ሕዝቦች አልባሳት በሥዕል በመመዝገብ የሚታወቁ ሠዓሊ ነበሩ። ጠባያቸው የተለያየ ነበር፤ ጆርጅ ዝምተኛና ታጋሽ፣ ጆይ ፈጣንና ግልጽ። ትዳራቸው ቀላል እንዳልነበረ ሁለቱን የሚያውቁ ሁሉ መስክረዋል።

በ1956 መጀመሪያ ላይ አንድ አንበሳ አንድ የቦረና ሰው ስለ ገደለ አዳምሰን ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ዱካውን ተከትለው ወጡ። በድንጋያማ ስፍራ ውስጥ ሲፈልጉ አንዲት እንስት አንበሳ ከተደበቀችበት ወጥታ ተወረወረችባቸው፤ ተኩሰውም ገደሏት። ለምን እንደዚያ እንደተቆጣች የገባቸው ከሞተች በኋላ ነበር፤ ጡቶቿ ወተት ሞልተው ነበርና። ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሦስት ገና ጨቅላ የሆኑ እንስት ደቦሎች አገኙ።

ይህች ቀን የአዳምሰንን ሕይወት ለሁለት ከፈለችው። ደቦሎቹን ወደ ቤት ወስደው ለጆይ ሰጡ፤ ባልና ሚስቱም በወተት አሳደጓቸው። ሦስት አንበሶች በአንድ ቤት ማሳደግ ስለማይቻል ሁለቱ ወደ ሆላንድ፣ ሮተርዳም የእንስሳት ማቆያ ተላኩ። ትንሿ ግን ቀረች፤ ስሟም ኤልሳ ተባለ።

ኤልሳ ከአዳምሰን ጋር በጠባቂነት ጉዟቸው ሁሉ ትሄድ ነበር። በዚያን ዘመን ሩዶልፍ ይባል ወደነበረው፣ የኦሞ ወንዝ ከኢትዮጵያ ወርዶ ወደሚገባበት ወደ ቱርካና ሐይቅ በተደረገው ረጅም የእግር ጉዞም ከጭነት እንስሳቱ ጋር አብራ ተጉዛለች። ነገር ግን እያደገች ስትሄድ ጥያቄው አፍጦ መጣ። ሙሉ አንበሳ ስትሆን ወይ ወደ ማቆያ መላክ ነበረባት፣ ወይ ደግሞ ከዚያ በፊት ብዙም ያልተሞከረ ነገር መሞከር።

ወደ ዱር መመለስ

ባልና ሚስቱ ሁለተኛውን መረጡ። የመጀመሪያው ሙከራ በአራዊት በተሞላ አካባቢ ቢሆንም ኤልሳ ታመመች፣ ከሳች፤ ስለዚህ ወደ ትውልድ ቦታዋ ቀረብ ወዳለው ወደ ሜሩ አካባቢ ወሰዷት። በዚህ ጊዜ የአዳምሰን የብዙ ዓመት የዱካ ዕውቀት ተገልብጦ ሥራ ላይ ዋለ። አንበሳን ለመግደል ያጠኑትን ሁሉ፣ ነፋሱን፣ አድፍጦ መጠበቁን፣ የታደነውን እንስሳ ልማድ፣ አሁን አንበሳን ለማስተማር ተጠቀሙበት። እናት ለልጇ የምታስተምረውን ሰው ለአንበሳ ማስተማር ነበረበት። እንስሳ ገድለው ያሳዩዋት፣ ከዚያም ለቀናት ትተዋት ይሄዱ ነበር። ሲመለሱ ጥይት ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ፤ እሷም ድምፁን ሰምታ ትመጣለች። መጀመሪያ ላይ ርቧት ነበር የምትመጣው። ቆየት ብሎ ጠግባ መምጣት ጀመረች፤ ያን ጊዜ ራሷን መመገብ መቻሏን ተረዱ።

በ1959 መጨረሻ ላይ ኤልሳ ከዱር አንበሳ ሦስት ደቦሎች ወለደች፤ ጄስፓ፣ ጎፓና ትንሿ ኤልሳ ተባሉ። ደቦሎቿንም አምጥታ ለአሳዳጊዎቿ አሳየች። ጆይ ይህን ታሪክ የጻፉበት «ቦርን ፍሪ» የተሰኘው መጽሐፍ በ1960 ታትሞ በብዙ ቋንቋዎች ተነበበ፤ የኤልሳ ስምም በዓለም ናኘ።

ደስታው አልዘለቀም። በጥር 1961 ኤልሳ መዥገር በሚያስተላልፈው የደም በሽታ ታመመች። አዳምሰን በአጠገቧ ሳሉ ሞተች፤ በዚያው በሜሩ ቀበሯት። ልምድ የሌላቸው ሦስቱ ወላጅ አልባ ደቦሎች የአካባቢውን ሰዎች ፍየሎች መብላት ጀመሩ። ለፍየል ባለቤት የአንበሳ ዝና ምንም አይደለም፤ ከእንግዲህ በዚያ ሊኖሩ እንደማይችሉ ግልጽ ሆነ። አዳምሰን ይዘው ወደ ታንጋኒካ፣ ወደ ሴሬንጌቲ አሻገሯቸው። በዚያው ዓመት ከመንግሥት ሥራቸው ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት በሴሬንጌቲ ሜዳዎች ላይ ሦስቱን ፈለጉ፤ ከመካከላቸው ጄስፓ በገላው ላይ የፍላጻ ጫፍ ተሰክቶበት ነበር። በዕድሜያቸው ካደረጓቸው የዱካ ፍለጋዎች ሁሉ ረጅሙ ይህ ሳይሆን አይቀርም። የደቦሎቹ መጨረሻ ግን በእርግጠኝነት ሳይታወቅ ቀረ።

ፊልሙና ያልተለቀቁት

የኤልሳ ታሪክ በኬንያ ምድር ፊልም ሆኖ ተሠርቶ በ1966 ለዕይታ በቃ። ቨርጂኒያ ማኬና እና ቢል ትራቨርስ የባልና ሚስቱን ገጸ ባሕርይ ተጫወቱ፤ አዳምሰን ደግሞ የአንበሶቹ አማካሪ ሆኑ። ፊልሙ በሙዚቃው ሁለት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም ያለው ነገርም አለ፦ በፊልሙ ላይ ከታዩት አንበሶች መካከል ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተገኙ ደቦሎች ነበሩበት።

ሆኖም ስለ አንዲት አንበሳ ነጻ መውጣት የተሠራው ፊልም ሲጠናቀቅ የተሳተፉት አንበሶች አብዛኞቹ ወደ እንስሳት ማቆያዎች ተላኩ። አዳምሰን ሁሉም እንዲለቀቁ ቢጥሩም የተሰጧቸው ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ቦይ፣ ገርል እና ኡጋስ። እነዚህን ይዘው ወደ ሜሩ ተመለሱ። ቨርጂኒያ ማኬና እና ቢል ትራቨርስም ከዚህ ልምድ ተነሥተው በ1984 የታሰሩ የዱር እንስሳትን ይዞታ የሚከታተል ድርጅት አቋቋሙ፤ ድርጅቱ ዛሬ ቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን በሚለው ስሙ ይታወቃል፤ በኢትዮጵያም ውስጥ ለዱር እንስሳት መጠለያ አለው።

በሜሩ የነበረው ሥራ በ1969 ከባድ ፈተና ገጠመው። ቦይ በመኪና ውስጥ የነበረን የአንድ የፓርክ ኃላፊ ሕፃን ልጅ ነክሶ አቆሰለ። ሕፃኑ ቢተርፍም፣ ሰውን የለመደ አንበሳ ሰው በሚመላለስበት ፓርክ ውስጥ ሊኖር ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ሊታለፍ የሚችል አልሆነም። አዳምሰን ሌላ ስፍራ መፈለግ ነበረባቸው።

ኮራ

የተሰጣቸው ስፍራ ኮራ ነበር። ኮራ ከኬንያ ተራራ በስተ ምሥራቅ፣ የኬንያ ረጅሙ ወንዝ በሆነው በታና ወንዝ ዳርቻ የሚገኝ፣ እሾኻማ ቁጥቋጦና ቀይ አለት የሞላበት ምድር ነው። የወንዙ ስም ከእኛው ጣና ሐይቅ ጋር ቢቀራረብም ሁለቱ አይገናኙም። ማንም ያልፈለገው ሞቃትና ደረቅ ስፍራ በመሆኑ ለአዳምሰን ዓላማ ተስማሚ ሆነ። በ1970 ከአለቱ ሥር መንደራቸውን መሠረቱ፤ «ካምፒ ያ ሲምባ»፣ የአንበሶች ሰፈር፣ ብለው ሰየሙት። ታናሽ ወንድማቸው ቴረንስ ጎጆዎቹን ሠሩ፣ በቁጥቋጦው ውስጥ መንገዶችን አስጠረጉ። ሰፈሩ በከፍተኛ የሽቦ አጥር ታጠረ። ከጎብኚዎች ብዙዎቹ የሚያነሱት ነገር ነበር፤ በኮራ ሰው በአጥር ውስጥ፣ አንበሳ ከአጥር ውጭ ነበር።

በዚያው ዓመት ከለንደን አንድ ወጣት አንበሳ መጣላቸው። ክሪስቺያን ይባላል፤ ሁለት ወጣት አውስትራሊያውያን በ1969 ሃሮድስ ከተባለው የለንደን መደብር ገዝተው በከተማው ውስጥ ያሳደጉት ነበር። አዳምሰን ከቦይ ጋር አላመዱት፤ ቀስ በቀስም የዱር አንበሳ ሆነ። በ1971 የቀድሞ ባለቤቶቹ ሊያዩት በመጡ ጊዜ ሮጦ መጥቶ ሲያቅፋቸው የተቀረጸው ፊልም ከብዙ ዓመታት በኋላ በኢንተርኔት ተሰራጭቶ እጅግ ብዙ ሰዎች ተመልክተውታል። ክሪስቺያን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1973 ነው፤ ወደ ሜሩ አቅጣጫ ወንዙን ተሻግሮ ሳይሄድ አልቀረም።

የአዳምሰን ዕለታዊ ሕይወት በዱካ ይጀመርና በዱካ ይፈጸም ነበር። ማለዳ በሰፈሩ ዙሪያ ያለውን አሸዋ ያነባሉ፤ ሌሊት ማን እንደመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደሄደ፣ የዱር አንበሳ እንግዳ መኖር አለመኖሩን ይለያሉ። የጠፋ አንበሳ ካለ ፒፓቸውን ይዘው፣ ቁምጣና ነጠላ ጫማ አድርገው፣ በሰማንያኛው ዓመታቸው ዋዜማ ሳይቀር በእግር ይፈልጋሉ። ነጭ ረጅም ፀጉርና ነጭ ጺም ያለው ይህ ሽማግሌ ከአለቱ ሥር ቆሞ አንበሶቹን በስማቸው ሲጠራ ያዩ እንግዶች ብዙ ናቸው። ከ1971 ጀምሮ ቶኒ ፊትዝጆን የተባሉ ወጣት እንግሊዛዊ ረዳታቸው ሆነው ለብዙ ዓመታት አብረዋቸው ሠርተዋል።

የተከፈለው ዋጋ

የኮራን ታሪክ በክሪስቺያን እቅፍ ብቻ መተረክ ግን እውነትን ማጉደል ነው። በሰኔ 1971 ከሰፈሩ ሠራተኞች አንዱ ከአጥር ውጭ ሳለ ቦይ ነከሰው። አዳምሰን ጩኸት ሰምተው ጠመንጃ ይዘው ሮጡ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁት የነበረውን፣ እግሩ ተሰብሮ በቀዶ ጥገና ድኖ ከእርሳቸው ጋር ወደ ኮራ የመጣውን አንበሳ በገዛ እጃቸው ተኩሰው ገደሉት። ሠራተኛው ግን ብዙ ደም ስለፈሰሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሞተ። ከ1956 በኋላ አንበሳ ላለመግደል ሕይወታቸውን የሰጡት ሰው ወደ ቀድሞው የጠባቂ ግዴታቸው የተመለሱት በዚህ መልክ ነበር።

አደጋው በዚህ አላበቃም። በ1975 ቶኒ ፊትዝጆን በአንበሳ ክፉኛ ቆስለው ለጥቂት ተረፉ። አዳምሰን ራሳቸውና ወንድማቸው ቴረንስም በየተራ ተነክሰዋል። የዱር አራዊት ተመራማሪዎች ተቃውሟቸውን በግልጽ አሰሙ። ክርክራቸው ቀላል የሚባል አልነበረም፦ የዱር አንበሳን ከሰው የሚጠብቀውም፣ ሰውን ከአንበሳ የሚጠብቀውም እርስ በርስ ያላቸው ፍርሃት ነው፤ ሰው እጅ ያደገ አንበሳ ግን ያ ፍርሃት የለውም። ደግሞም ጥቂት አንበሶችን በብዙ ድካም ከመልቀቅ ይልቅ የሚኖሩበትን ምድር መጠበቅ ለዝርያው ይበልጥ ይጠቅማል የሚሉ ነበሩ። የአዳምሰን መልስ በአብዛኛው ሥራቸው ነበር፤ እያንዳንዱ አንበሳ በራሱ ዋጋ ያለው ፍጡር ነው ብለው ያምኑ ነበርና በቁጥር መመዘኑን አልተቀበሉም። በኋላ መንግሥት አዳዲስ አንበሶች ወደ ኮራ እንዳይገቡ ለዓመታት ከልክሎ ቆየ።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ነበር። የአዳምሰን መገኘት ባይኖር ኮራ በ1973 የተጠበቀ ስፍራ ተብሎ መታወጁ ያጠራጥር ነበር፤ ከ1,700 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ምድር በአንበሶቹ ዝና ጥላ ሥር ጥበቃ አገኘ። በሌላ በኩል የሟቹ ሠራተኛ ቤተሰብ የከፈለውን ዋጋ የሚመልስ ዝና የለም።

ብቸኝነትና ሽፍቶች

ጆይ በዚህ ጊዜ በሌላ ስፍራ ይኖሩ ነበር። ባልና ሚስቱ ሳይፋቱ ተለያይተው፣ እርሳቸው በኮራ ከአንበሶች ጋር፣ እሷቸው ደግሞ በመጀመሪያ ከአቦሸማኔ በኋላም በሻባ ከነብር ጋር ይሠሩ ነበር። በጥር 3 ቀን 1980 ጆይ በሻባ ተገድለው ተገኙ። መጀመሪያ አንበሳ ገደላቸው ተባለ፤ ምርመራው ግን ገዳዩ ሰው መሆኑን አረጋገጠ፣ ፍርድ ቤትም አንድ የቀድሞ ሠራተኛቸውን ጥፋተኛ አለ። አመዳቸው ኤልሳ ወደ ተቀበረችበት ወደ ሜሩ ተወሰደ። በ1986 ደግሞ ቴረንስ ሞቱ፤ አዳምሰን በዚያው በኮራ ቀበሯቸው።

በእነዚያ ዓመታት የኬንያ ሰሜንና ምሥራቅ ከአንበሳ በሚብስ አደጋ ውስጥ ነበር። የዝሆን ጥርስ ዋጋ ሲንር አውቶማቲክ መሣሪያ የታጠቁ ቡድኖች ዝሆኑን በመንጋ ፈጁት፤ አውራሪሱን ከብዙ ስፍራ ጨርሰው አጠፉት። ኬንያውያን እነዚህን ታጣቂዎች የሚጠሩበት ስም «ሺፍታ» ነው፤ ከእኛው «ሽፍታ» የተወሰደ ቃል ነው። ድርቅ ሲመጣም አርብቶ አደሮች ሣርና ውኃ ፍለጋ መንጎቻቸውን ይዘው ወደ ኮራ ይገቡ ነበር። ከብት ባለበት አንበሳ ይመጣል፤ አንበሳ ከብት ሲበላ ደግሞ መርዝ ይቀመጥለታል። አዳምሰን በወጣትነታቸው በጠባቂነት ያዩት የከብትና የአንበሳ ጠብ በእርጅናቸው በገዛ ደጃፋቸው ደረሰ። ብዙዎች ሰፈሩን ለቀው እንዲወጡ መከሯቸው። አልወጡም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሦስት ወላጅ አልባ ደቦሎች መጡላቸውና በሰማንያ ሁለትና በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው እንደገና ማሳደግ ጀመሩ።

የነሐሴ 20 ቀን

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 የኬንያ መንግሥት የዝሆን ጥርስ ንግድን በመቃወም ከተያዘው ጥርስ 12 ቶን ያህል በአደባባይ አቃጠለ፤ በጥቅምት ወር ደግሞ ዓለም አቀፉ የዝሆን ጥርስ ንግድ እንዲታገድ ተወሰነ። በእነዚህ በሁለቱ ወራት መካከል፣ ነሐሴ 20 ቀን፣ ከሰፈሩ ሠራተኞች አንዱ ከአንዲት ጀርመናዊት እንግዳ ጋር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በመኪና ሲሄድ ሽፍቶች መንገድ ላይ ያዟቸው። አዳምሰን የተኩስ ድምፅ ሰሙ። ሽጉጣቸውን ይዘው ጥቂት ሠራተኞችን በላንድሮቨራቸው አሳፍረው ወደ ተኩሱ ነዱ። ታጣቂዎቹን ባዩ ጊዜም ከመመለስ ይልቅ ወደፊት ገሰገሱ። ሽፍቶቹ ተኩሰው አዳምሰንንና ሁለት ሠራተኞቻቸውን ገደሉ። እንግዳዋና አብሯት የነበረው ሠራተኛ ግን በሕይወት ተረፉ። አዳምሰን የሰማንያ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ።

በኮራ፣ በወንድማቸው መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። ሲያሳድጓቸው የነበሩት ሦስቱ ደቦሎችም ወደ ቦትስዋና ተወሰዱ። ኮራ በኋላ ብሔራዊ ፓርክ ሆነች።

የቀረው ነገር

ከአዳምሰን ሞት ወዲህ የአንበሳን ዱካ የመከተል ሥራ መልኩን ቀይሯል። ዛሬ ተመራማሪዎች በአንበሳ አንገት ላይ በሚታሰር የሬዲዮና የሳተላይት ምልክት ሰጪ አንበሳው የት እንዳለ ከሩቅ ያውቃሉ። በኬንያ አንዳንድ አካባቢዎች ቀድሞ አንበሳ በመግደል ጀግንነታቸውን ያስመሰክሩ የነበሩ የማሳይ ወጣቶች አሁን ያንኑ የዱካ ችሎታ አንበሳ ለመጠበቅ ያውሉታል፤ አንበሳው ወደ ከብት ሲቀርብ እረኞችን ያስጠነቅቃሉ፣ የተሰበረ በረት ያስጠግናሉ፣ የጠፋ ከብት ይፈልጋሉ። የአዳምሰን ሕይወት ያለፈበት መንገድ፣ ከመግደል ወደ መጠበቅ፣ በአንድ ሰው ሳይሆን በአንድ ማኅበረሰብ ደረጃ ሲደገም እነሆ ይታያል።

የቁጥሩ ነገር ግን አሳሳቢ ነው። በመላው አፍሪካ በዱር የቀሩት አንበሶች ከ20 ሺህ እስከ 25 ሺህ እንደሚሆኑ ይገመታል። ኬንያ በ2021 ባካሄደችው ቆጠራ ያገኘችው ከ2,500 ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ነው። በኢትዮጵያም አንበሳ በሐውልት፣ በገንዘብና በተረት ብዙ ቦታ ይታያል፤ በዱር የሚታይበት ስፍራ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ መጥቷል።

አንበሳውን የሚያጠፋው ከጥይት ይልቅ የምድሩ መጥበብ፣ የከብቱ መብዛትና ቂም የያዘ እረኛ የሚያስቀምጠው መርዝ ነው። ይህን ለማስቆም ፍየሉ የተበላበት ሰው ካሳ ማግኘት፣ በረቱ መጠንከር፣ ከፓርኩም ጥቅም መካፈል አለበት። አዳምሰን ይህን ሁሉ አልሠሩም፤ ከእርሳቸው አንድ ሰው የሚጠበቅም አልነበረም። እርሳቸው ያደረጉት በአንድ ሕይወት ውስጥ ሊደረግ የሚችለውን ነው፦ በ1956 ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ላገኟቸው ደቦሎች የተበደሩትን ዕዳ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ከፈሉ።

በኮራ ያለው መቃብራቸው በጥቂት ድንጋዮች የተከበበ ነው። በዙሪያው ያለው አሸዋም ዛሬም እንደ ጥንቱ ለማንበብ ለሚችል ሰው ሌሊት ማን እንዳለፈ ይናገራል።